ስስ የፓላዲየም ንጣፍና የሃይድሮጅን ንጽሕና፦ ቴክኖሎጂው የሚፈታው ችግርና የማይፈታው

ሃይድሮጅን በአገራት የኃይል ዕቅድ፣ በኩባንያዎች የኢንቨስትመንት ሐሳብና በመገናኛ ብዙኃን ዘገባዎች ውስጥ ተደጋግሞ የሚነሣ ስም ከሆነ ሰነባብቷል። ውይይቱ በአብዛኛው የሚያተኩረው ሃይድሮጅን ከምን እንደሚመረትና ለምን አገልግሎት እንደሚውል ነው። በመካከል ያለው ደረጃ፣ ማለትም የተመረተው ሃይድሮጅን ከሌሎች ጋዞች ተለይቶ የሚጣራበት ዘዴና ማጣራቱ የሚጠይቀው ወጪ፣ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይታለፋል።

ለዚህ ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ ከሰው ፀጉር በብዙ እጥፍ የሚሳሳ የፓላዲየም ንጣፍ ነው። በባለሙያዎች ዘንድ «ሜምብሬን» ተብሎ የሚጠራው ይህ ንጣፍ ሃይድሮጅንን አሳልፎ ሌሎቹን ጋዞች የሚያስቀር ክፍልፋይ ነው። ይህ ጽሑፍ የንጣፉን አሠራር፣ ጥቅሙንና ገደቡን ያብራራል፤ በማያያዝም ዜጎች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ባለሀብቶች በሃይድሮጅን ስም የሚቀርቡላቸውን ሐሳቦች በምን ሚዛን ሊመዝኑ እንደሚገባ ያመለክታል።

ንጽሕና ለምን ያስፈልጋል?

የዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም የሃይድሮጅን ፍላጎት 97 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር። ከዚህ ውስጥ በካይ ጋዝ በዝቅተኛ መጠን በሚለቁ ዘዴዎች የተመረተው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም፤ ቀሪው በዋናነት ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል የተገኘ ነው።

የተፈጥሮ ጋዝ በከፍተኛ ሙቀት ከእንፋሎት ጋር እንዲዋሐድ ሲደረግ የሚወጣው ሃይድሮጅን ብቻ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የውኃ እንፋሎትና ሳይለወጥ የቀረ ሚቴን አብረው ይወጣሉ። ይህ ድብልቅ ለአንዳንድ የፋብሪካ ሥራዎች በከፊል ተጣርቶ ሊያገለግል ይችላል። ሃይድሮጅንን ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጥ የነዳጅ ሴል ለሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ ግን በቂ አይደለም። ለዚህ አገልግሎት የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 14687፣ ሃይድሮጅኑ 99.97 ከመቶ ንጹሕ እንዲሆን ይጠይቃል፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠንም ከአንድ ሚሊዮን እጅ 0.2 እጅ እንዳይበልጥ ይወስናል። ምክንያቱም ካርቦን ሞኖክሳይድ በነዳጅ ሴሉ ውስጥ ባለው ፕላቲነም ላይ ተጣብቆ ሥራውን ስለሚያግድ ነው።

ከዚህ የሚወሰደው የመጀመሪያ ቁም ነገር ንጽሕና ለሁሉም አገልግሎት አንድ ዓይነት መለኪያ እንደሌለው ነው። የሚፈለገው የንጽሕና ደረጃ የሚወሰነው ሃይድሮጅኑ በሚውልበት ሥራ ነው። ከሚያስፈልገው በላይ ማጣራት ገንዘብን ማባከን ሲሆን፣ ከሚያስፈልገው በታች ማጣራት ደግሞ መሣሪያን ማበላሸት ነው።

ወንፊት ያልሆነ ማጣሪያ

ፓላዲየም ከፕላቲነም ቤተሰብ የሚመደብ፣ ብርማ ነጭ ቀለም ያለው ውድ ብረት ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊልያም ሃይድ ወላስተን እ.ኤ.አ. በ1802 ለይቶ አወጣው። እ.ኤ.አ. በ1866 ደግሞ ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ቶማስ ግራሃም ፓላዲየም የራሱን ይዘት በመቶዎች እጥፍ የሚበልጥ የሃይድሮጅን ጋዝ ወደ ውስጡ የመምጠጥ ባሕርይ እንዳለው አሳየ።

ብዙ ሰው ማጣሪያ ሲባል የሚታየው ወንፊት ነው፤ ትንሹ ያልፋል፣ ትልቁ ይቀራል። የፓላዲየም ንጣፍ አሠራር ግን ከዚህ የተለየ ነው። እንከን የሌለው ንጣፍ ምንም ቀዳዳ የለውም። ሁለት አቶሞችን የያዘው የሃይድሮጅን ሞለኪውል ከንጣፉ ገጽ ላይ ሲያርፍ ለሁለት ይከፈላል። እያንዳንዱ አቶም በብረቱ ውስጥ ይሟሟል፤ በፓላዲየም አቶሞች መካከል ባለው ክፍተትም ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ ወደ ማዶ ይደርሳል። በዚያ ሁለት ሁለት አቶሞች ዳግም ተጣምረው በጋዝ መልክ ይወጣሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ናይትሮጅን ወይም ሚቴን በዚህ ብረት ውስጥ እንዲህ ባለ መንገድ ሊያልፉ አይችሉም። ስለዚህ በማዶ የሚገኘው ሃይድሮጅን እጅግ ንጹሕ ይሆናል።

ሃይድሮጅኑን የሚገፋው የግፊት ልዩነት ነው። በንጣፉ በአንድ ወገን ያለው የሃይድሮጅን ግፊት በሌላው ወገን ካለው ሲበልጥ ጉዞው ይቀጥላል፤ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ይቆማል። በዚህም ምክንያት ከድብልቁ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን ሙሉ በሙሉ ማውጣት አይቻልም፤ የተወሰነው ምን ጊዜም ወደ ኋላ ይቀራል። በተጨማሪም ጀርመናዊው ኬሚስት አዶልፍ ሲቨርትስ ባጠናው ሕግ መሠረት በብረት ውስጥ የሚሟሟው ሃይድሮጅን ከግፊቱ ካሬ ሥር ጋር ተመጣጣኝ ነው። በመሆኑም ግፊቱ አራት እጥፍ ቢጨምር የሚሟሟው ሃይድሮጅን የሚጨምረው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። የዚህ ሕግ ምንጭ ሞለኪውሉ ለሁለት ተከፍሎ መግባቱ ነው። ከዚህ አንጻር ግፊትን ብቻ በማሳደግ ብዙ ውጤት ማግኘት አዳጋች ነው።

መሳሳቱ የሚያስገኘው ጥቅም

ግፊትን ማሳደግ የሚሰጠው ትርፍ ውስን ከሆነ የሚቀረው መንገድ ንጣፉን ማሳሳት ነው። የሃይድሮጅኑ ጉዞ የሚዘገየው በብረቱ ውስጥ ሲያልፍ ከሆነ የንጣፉ ውፍረት በግማሽ ሲቀንስ የሚያልፈው መጠን በእጥፍ ይጨምራል። ይህ ደግሞ ሁለት ቁጠባ በአንድ ጊዜ ያስገኛል። በአንድ በኩል ተመሳሳይ መጠን ለማጣራት የሚያስፈልገው የንጣፍ ስፋት በግማሽ ይቀንሳል፤ በሌላ በኩል እያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚይዘው ፓላዲየም በግማሽ ይቀንሳል። በድምሩ የሚያስፈልገው ፓላዲየም ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል።

ይህን በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ ካሬ ሜትር ስፋትና 100 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ፓላዲየም ይይዛል። አንድ ማይክሮሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ መሆኑ ይታወሳል። የአንድ ትሮይ አውንስ፣ ማለትም የ31.1 ግራም፣ ፓላዲየም ዋጋ ለስሌት ያህል 1,000 የአሜሪካ ዶላር ነው ቢባል የዚህ ንጣፍ ብረት ብቻ ከ38,000 ዶላር በላይ ያወጣል። ውፍረቱ ወደ 5 ማይክሮሜትር ሲወርድ በተመሳሳይ ስፋት ላይ ያለው ፓላዲየም 60 ግራም ገደማ ይሆናል። የሚያልፈው ሃይድሮጅን በንድፈ ሐሳብ 20 እጥፍ ስለሚጨምር ደግሞ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ከካሬ ሜትሩ አንድ ሃያኛው ይበቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው ፓላዲየም 3 ግራም ያህል፣ ዋጋውም 100 ዶላር የማይሞላ ይሆናል። ተመራማሪዎችና አምራቾች ንጣፉን ለማሳሳት የሚያደርጉት ጥረት ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከመሳሳት ጋር የሚመጣ ችግር

ከላይ የቀረበው ስሌት በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ያለውን ትርፍ ያሳያል። በተግባር ግን አራት ችግሮች ያጋጥማሉ።

የመጀመሪያው የጥንካሬ ጉዳይ ነው። ጥቂት ማይክሮሜትር የሆነ ንጣፍ የጋዝ ግፊትን ብቻውን ሊቋቋም አይችልም። ስለዚህ ባለ ደቃቅ ቀዳዳ በሆነ የሴራሚክ ወይም የማይዝግ ብረት ቱቦ ላይ ይለበጣል። ደጋፊው ቱቦ፣ የመገጣጠሚያው ማሸጊያና የእጅ ሥራው የራሳቸው ወጪ አላቸው፤ ንጣፉ እጅግ ሲሳሳም ከፓላዲየሙ ዋጋ ሊበልጡ ይችላሉ። ከተወሰነ ደረጃ በታች ደግሞ የሃይድሮጅኑን ጉዞ የሚያዘገየው የንጣፉ ውፍረት መሆኑ ይቀርና የንጣፉ ገጽና ደጋፊው ቱቦ ይሆናሉ። በዚህን ጊዜ ተጨማሪ መሳሳት ቀደም ሲል የተገለጸውን ያህል ትርፍ አያስገኝም።

ሁለተኛው የቀዳዳ ጉዳይ ነው። በወፍራም ንጣፍ ላይ የማትታይ እንከን በስስ ንጣፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር የምትዘልቅ ቀዳዳ ትሆናለች። አንዲት ደቃቅ ቀዳዳ ካርቦን ሞኖክሳይድን ካሳለፈች ንጣፉ የተገዛበት ዓላማ ይጓደላል።

ሦስተኛው የመሰንጠቅ አደጋ ነው። ንጹሕ ፓላዲየም ከ300 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች ሃይድሮጅን ሲጠጣ የውስጥ አደረጃጀቱ ይለወጣል፣ ያብጣል፤ ሃይድሮጅኑ ሲወጣ ደግሞ ይኮማተራል። ማበጡና መኮማተሩ ሲደጋገም ብረቱ ይሰነጠቃል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ፓላዲየምን ከመቶ 23 እስከ 25 እጅ ከሚሆን ብር ጋር መቀየጥ ነው። ቅይጡ ይህን ችግር በእጅጉ ከመቀነሱም በላይ ከንጹሕ ፓላዲየም የበለጠ ሃይድሮጅን ያሳልፋል። ይሁን እንጂ መሣሪያው ሲነሣና ሲቆም ሥርዓትን መከተል ግድ ነው። ሃይድሮጅኑ ከመቀዝቀዙ በፊት በሌላ ጋዝ ተጠርጎ መውጣት ይኖርበታል። ኤሌክትሪክ በተደጋጋሚ በሚቋረጥበት አካባቢ ይህ ጉዳይ ልዩ ትኩረት ይሻል።

አራተኛው የመመረዝ ጉዳይ ነው። የድኝ ውሕዶች፣ በተለይም ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ በጥቂት መጠንም ቢሆን ከፓላዲየም ጋር ተዋሕደው ገጹን ይዘጋሉ፣ አልፎም ንጣፉን ይበሳሉ። የተፈጥሮ ጋዝም ሆነ ከከብት እበት የሚገኝ ባዮጋዝ ይህን ጋዝ ሊይዝ ስለሚችል ድኙ አስቀድሞ ሊወገድ ይገባል። ከመዳብ ጋር የተሠሩ ቅይጦች ድኝን በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማሉ፤ ነገር ግን ጥሩ የሚሠሩት በተወሰነ የቅይጥ መጠንና የሙቀት ደረጃ ብቻ ነው።

በእነዚህ ምክንያቶች ትልልቅ የሃይድሮጅን ፋብሪካዎች በአብዛኛው የሚጠቀሙት ሌላ ዘዴ ነው። ይህም በግፊት መለዋወጥ አማካይነት ሌሎቹን ጋዞች በቀዳዳማ ቁሶች ላይ የሚያስቀር ማጣሪያ ነው። የፓላዲየም ንጣፍ የተሻለ ቦታ የሚያገኘው ምርቱ አነስተኛ በሆነበት፣ እጅግ ከፍተኛ ንጽሕና በሚፈለግበት፣ ወይም ሃይድሮጅኑ በሚፈለግበት ስፍራ በሚመረትበት ጊዜ ነው። ለዚህ እንደ ምሳሌ የሚጠቀሰው የኤሌክትሮኒክስ አካላት ማምረቻ ኢንዱስትሪ ነው።

ጉዳዩ አሁን የተነሣበት ምክንያት

ሃይድሮጅንን በመርከብ ማጓጓዝ ከባድ ነው። በፈሳሽ መልክ ለመያዝ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ሴልሺየስ ቅዝቃዜ ያስፈልጋል። አሞኒያ ግን ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ላይ ፈሳሽ ይሆናል፤ ከክብደቱም 17.6 ከመቶ የሚሆነው ሃይድሮጅን ነው። ስለዚህ በርካታ ፕሮጀክቶች ሃይድሮጅንን ወደ አሞኒያ ለውጦ መላክን መርጠዋል። በሳዑዲ ዓረቢያ በኒዮም የሚገነባው ፋብሪካ በዓመት እስከ 1.2 ሚሊዮን ቶን አሞኒያ እንዲያመርት መታቀዱ ለዚህ ማሳያ ነው።

አሞኒያው ከተራገፈ በኋላ መልሶ ሃይድሮጅን ማድረግ ካስፈለገ በሙቀት ወደ ሃይድሮጅንና ናይትሮጅን ይከፈላል። ስስ የፓላዲየም ንጣፍ ትኩረት ያገኘው በዚህ ስፍራ ነው። ንጣፉ መክፈያው ዕቃ ውስጥ ሲገጠም ሃይድሮጅኑ በተፈጠረ ቁጥር እየተለየ ይወጣል። ምርቱ ከስፍራው ሲነሣ ቀሪው አሞኒያ ይበልጥ ለመከፈል ይገፋፋል። በዚህም ሥራውን በዝቅተኛ ሙቀት ማከናወንና መክፈልን ከማጣራት ጋር በአንድ ዕቃ ማጠቃለል ይቻላል።

ይህ ተስፋ ከፓላዲየም ገበያ ጋር የተሳሰረ ነው። የዓለም የፓላዲየም ምርት አብዛኛው የሚወጣው ከሩሲያና ከደቡብ አፍሪካ ሲሆን፣ ዋነኛ ተጠቃሚዎቹ የቤንዚን ተሽከርካሪዎችን ጭስ የሚያጣሩ መሣሪያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 የአንድ አውንስ ዋጋ ከ3,000 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር፤ በኋላ በከፍተኛ መጠን ወርዷል። ዋጋው እንዲህ በሚዋዥቅ ብረት ላይ የተመሠረተ መሣሪያ የሚገዛ አካል በግዢው ቀን ዋጋ ብቻ ሊወስን አይገባም።

ለኢትዮጵያ ያለው ትርጉም

በኢትዮጵያ የሃይድሮጅን ጉዳይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገናኘው ከማዳበሪያ ጋር ነው። ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሆን፣ አሞኒያው ደግሞ ከሃይድሮጅንና ከናይትሮጅን ይገኛል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና ዳንጎቴ ግሩፕ በሶማሌ ክልል ጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የማምረት አቅም ይኖረዋል የተባለ ፋብሪካ ለመገንባት ስምምነት መፈራረማቸው ይታወቃል። የዚህ ዕቅድ ግብዓት የተፈጥሮ ጋዝ ነው። በሌላ በኩል 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. መመረቁ ሃይድሮጅንን በኤሌክትሪክ ከውኃ ስለማምረት የሚነሡ ሐሳቦችን ማበረታታቱ አይቀርም።

በሁለቱም መንገዶች ለማዳበሪያ ሲባል የፓላዲየም ንጣፍ የግድ አያስፈልግም። ከተፈጥሮ ጋዝ በሚጀምረው መንገድ ናይትሮጅኑ በአየር መልክ ሆን ተብሎ ከድብልቁ ጋር ይጨመራል። መወገድ ያለባቸው የካርቦን ኦክሳይዶችም በተለመዱት የኬሚካል ዘዴዎች ይወገዳሉ። ከውኃ በኤሌክትሪክ የሚገኘው ሃይድሮጅን ደግሞ ከመነሻው ንጹሕ በመሆኑ የሚያስፈልገው በዋናነት እርጥበቱንና ጥቂቱን ኦክስጅን ማስወገድ ነው። ስለዚህ የአርሶ አደሩ ማዳበሪያ ጉዳይ የሚጠብቀው ጋዝን፣ ኤሌክትሪክን፣ ካፒታልንና መንገድን እንጂ ይህን ንጣፍ አይደለም። አንድን አዲስ ቴክኖሎጂ ማወቅ ማለት የማያስፈልግበትንም ስፍራ ማወቅ ማለት ነው። የውጭ ምንዛሪ እጥረት ለቆየበት አገር ይህ ልዩነት ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም።

በማዕድን ዘርፍም ሊጤን የሚገባው ነጥብ አለ። በምዕራብ ወለጋ ዩብዶ ፕላቲነም መኖሩ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት ጀምሮ የታወቀ ነው። ፓላዲየምና ፕላቲነም ከአንድ ቤተሰብ ቢሆኑም የአንዱ መገኘት ሌላው በሚያዋጣ መጠን አለ ማለት አይደለም። ማንኛውም «የፓላዲየም ክምችት አለ» የሚል ሐሳብ በቤተ ሙከራ ውጤትና በተረጋገጠ የክምችት ጥናት ሊደገፍ ይገባል።

ተገልጋዮች አስቀድመው ሊጠይቋቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

ከሃይድሮጅን ጋር የተያያዘ መሣሪያ ለመግዛት፣ ከውጭ ለማስገባት፣ አክሲዮን ለመግዛት ወይም የኢንቨስትመንት ፈቃድ ለመጠየቅ ያሰበ ዜጋ፣ ማኅበር ወይም ድርጅት ውል ከመፈረሙ በፊት ለሚከተሉት ጥያቄዎች የጽሑፍ መልስ ማግኘት ይጠቅመዋል።

1. ሃይድሮጅኑ ከምን ይመረታል፣ ኃይሉስ ከየት ይመጣል? አንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጅን የሚሰጠው ጥቅም ላይ ሊውል የሚችል ኃይል 33 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ በኤሌክትሪክ ከውኃ ለማምረት ግን በተለምዶ ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ንጣፍም ሆነ ሌላ ማጣሪያ ኃይልን አይፈጥርም። «በውኃ ብቻ የሚሠራ ሞተር» የሚል ማስታወቂያ ይህን የማይለወጥ የተፈጥሮ ሕግ የሚፃረር ነው።

2. ለታሰበው አገልግሎት የሚያስፈልገው ንጽሕና ምን ያህል ነው? ይህን ንጽሕና በዝቅተኛ ዋጋ የሚሰጥ ሌላ ዘዴስ አለ?

3. ንጣፉ የቱን ያህል ውፍረት አለው፣ ከምን ጋር ተቀይጧል፣ በሥራ ላይ ስንት ሰዓት ተፈትኗል፣ ስንት ጊዜስ ሞቆ ቀዝቅዟል? በቤተ ሙከራ ለጥቂት ቀናት የሠራ ንጣፍና በሥራ ቦታ ለዓመታት የሠራ ንጣፍ በአንድ ዓይን ሊታዩ አይችሉም።

4. የሚገባው ጋዝ ድኝ አለው ወይ? ካለው የማስወገጃው መሣሪያ በዋጋው ውስጥ ተካቷል?

5. ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ መሣሪያው ያለ ጉዳት የሚቆምበት ሥርዓት አለው?

6. ንጣፉ አገልግሎቱን ሲጨርስ በውስጡ ያለውን ፓላዲየም መልሶ የሚረከብና ዋጋውን የሚያስብ አካል አለ?

7. የደኅንነት ዝግጅቱ ምንድን ነው? ሃይድሮጅን ቀለምም ሽታም የለውም፤ በአየር ውስጥ ከመቶ ከ4 እስከ 75 እጅ ሲደርስ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ነበልባሉም በቀን ብርሃን ለማየት ያስቸግራል። አሞኒያ ደግሞ ዓይንንና መተንፈሻን የሚጎዳ መርዛማ ጋዝ ነው። ስለዚህ የጋዝ ጠቋሚ መሣሪያ፣ የአየር ማናፈሻና የሠለጠነ ባለሙያ በዕቅዱ ውስጥ ሊካተቱ ይገባል።

ማጠቃለያ

ስስ የፓላዲየም ንጣፍ በሚገባ የተጠና የተፈጥሮ ሕግን መሠረት ያደረገ ቴክኖሎጂ ነው። ንጣፉ በሳሳ ቁጥር ውድ የሆነው ብረት ይቆጠባል፤ ዕድሜው፣ እንከን አልባነቱና ከድኝ መጠበቁ ግን የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። አነስተኛ መጠን ያለው እጅግ ንጹሕ ሃይድሮጅን በሚፈለግበት ቦታ፣ እንዲሁም አሞኒያን መልሶ ሃይድሮጅን በማድረግ ሥራ ላይ ጥሩ ተስፋ አለው። ለማዳበሪያ ምርት ግን ቅድመ ሁኔታ አይደለም፤ የኃይል ምንጭም ሊሆን አይችልም።

በመሆኑም ከዚህ ቴክኖሎጂ ጋር የተያያዘ ሐሳብ የቀረበላቸው ተገልጋዮች ከላይ የተዘረዘሩትን ጥያቄዎችና ከአቅራቢው ያገኙትን የጽሑፍ መልስ ይዘው ጉዳዩ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ቢቀርቡ ውሳኔያቸው በመረጃ ላይ የተመሠረተ ይሆናል፤ የባለሙያዎች ምክርም የተሟላ እንዲሆን ያግዛል። አቅራቢው በጽሑፍ ሊመልሰው ያልፈለገው ጥያቄ ካለ፣ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ሊጣራ የሚገባው ዋናው ነጥብ እርሱ ነው።